የሯጭ ሰዓትና የተማሪ ሰዓት፤ ከደባርቅ እስከ አሜሪካ ኮሌጅ

ከገና በኋላ ባለው ሳምንት፣ መንገዱ ክፍት በሆነበት አንድ ቀን፣ አንድ አባት ልጃቸውን አስከትለው ከዳባት ደባርቅ ድረስ መጡ። የመጡት እኔን ፍለጋ ነው። ልጅቱ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። በትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ ስትሮጥ አይቻታለሁ፤ አሯሯጧ ከዓይን አይጠፋም። አባትየው ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡና ቡናው እስኪቀርብ እንኳ ሳይጠብቁ ጉዳያቸውን ተናገሩ።

«መምህር፣ ልጅቱን ክለብ ፈልጓታል። የወር ደመወዝ አለው ይላሉ። ሌላው ደግሞ መምህሩ ዘንድ ብትቆይ በሩጫዋ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች ይላል። እውነቱ የቱ ነው?»

«ሁለቱም እውነት ነው» አልኳቸው። ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው። ሁለቱም እውነት ቢሆኑም አንዱን የያዘ ሌላውን ሊያጣ ይችላል። እኔ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሚሮጡ ተማሪዎችን አሠለጥናለሁ፤ ከዚያም አልፌ ወረቀታቸውን አሰናዳለሁ። ለእኚህ አባት ያስረዳኋቸውን ነገር ሌሎች ወላጆችም ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ በጽሑፍ ለማስቀመጥ ወሰንኩ።

ለመሆኑ የአሜሪካ ኮሌጅ ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ያለች ሯጭ ምን ያደርግለታል? በእኛ አገር አትሌት የሚያድገው በክለብ ነው። አበበ ቢቂላ ከክብር ዘበኛ ወጣ፤ ከእሱ በኋላ የመጡትም አብዛኞቹ በጦር ሠራዊት፣ በፖሊስ፣ በማረሚያ ቤትና በባንክ ክለቦች አለፉ። በአሜሪካ ግን ወጣቱ ስፖርተኛ የሚያድገው በኮሌጅ ውስጥ ነው። ኮሌጆቹ እርስ በርስ ይወዳደራሉ፤ ለማሸነፍም ጎበዝ ልጅ ፈልገው የትምህርቱን ወጪ ይችሉለታል። ይህን ውድድር የሚመራው ትልቁ ማኅበር ኤንሲኤኤ ይባላል። ወደ 1,100 የሚጠጉ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች አባል ሲሆኑ በሦስት ምድብ ተከፍለዋል። አንደኛውና ሁለተኛው ምድብ ለስፖርት ብለው የትምህርት ዕድል መስጠት ይችላሉ። ሦስተኛው ለስፖርት ብሎ አይሰጥም፤ በትምህርት ውጤትና በቤተሰብ አቅም ግን ሊረዳ ይችላል። ከዚህ ሌላ ኤንኤአይኤ የሚባል የአነስተኛ ኮሌጆች ማኅበርና የሁለት ዓመት ኮሌጆችም አሉ። ብዙ ሰው ስማቸውን አያውቀውም እንጂ ለእኛ ልጆች አንዳንዴ የሚቀርቡት እነሱ ናቸው።

ጎረቤታችን ኬንያ ይህን መንገድ ካወቀች ቆይታለች። ሄንሪ ሮኖ እ.ኤ.አ. በ1978 በ81 ቀናት ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሲሰብር የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የ1972ቱ ኦሊምፒክ የ800 ሜትር የነሐስ ባለሜዳሊያ ማይክ ቦይትና አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ጆን ማነርስ ኬንሳፕ የተባለ ፕሮግራም አቋቋሙ። እነሱ ሯጭ ፈልገው ትምህርት ይችል እንደሆነ አልጠየቁም፤ ነገሩን ገልብጠው ጀመሩት። በብሔራዊ ፈተና ከፍተኛ ውጤት ያመጡትን ልጆች ሰብስበው፣ «እስኪ ደግሞ 1,500 ሜትር ሩጡ» አሏቸው። ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ አሜሪካ ውስጥ አሉ በሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች ገብተው ተምረዋል። እኔም ከእነሱ የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ ደብተሩን አያለሁ፣ ከዚያ እግሩን።

ከእኛ ወገን የሚጠቀሱም አሉ። በፓሪስ ኦሊምፒክ በ1,500 ሜትር ነሐስ ያገኘው ያሬድ ንጉሤ ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የሄዱ ናቸው፤ በኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስትሪ እያጠና ነው ያደገው። እሱ ግን እዚያው ተወልዶ ያደገ ስለሆነ የእኛን ልጅ የወረቀት ጣጣ አያውቀውም። ለእኛ የሚቀርበው ኤርትራዊው ሀብቶም ሳሙኤል ነው። የኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2024 የኮሌጆችን የ10,000 ሜትር ውድድር፣ በ2025 ደግሞ የአገር አቋራጩን አሸንፏል።

እንግዲህ አሠልጣኙ ልጁን እንዴት ያውቀዋል? በቁጥር ነው። በአሜሪካ የጀልባ ቀዘፋ አሠልጣኞች እንኳ ቀዛፊ የሚመርጡት መሬት ላይ የተተከለ የመቅዘፊያ ማሽን በ2,000 ሜትር በሚያሳየው ሰዓት ነው። (ጣና ላይ በታንኳ የሚያድሩ ልጆች አሉን፤ እነሱን ማሽኑ ላይ የሚያስቀምጣቸው ቢገኝ ምን ቁጥር ያወጡ ነበር እያልኩ አስባለሁ።) የሯጭ ደግሞ ቀላል ነው፤ ርቀትና ሰዓት ብቻ። በእኔ ግምት በ5,000 ሜትር ወደ 14 ደቂቃ የሚጠጋ ወንድ፣ ወደ 16 ደቂቃ ተኩል የምትጠጋ ሴት ከአንደኛው ምድብ አሠልጣኝ መልስ ታገኛለች። አነስተኛ ኮሌጆች ከዚህ የዘገየውንም ይቀበላሉ።

እኛ ጋ ያለው ችግር ሰዓቱን ማን ያምናል ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የሚገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው ወደ 30 በመቶ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ በረጅም ርቀት ሰዓቱ ይዘገያል። ኤንሲኤኤ ከፍታ ላይ የተሮጠን ሰዓት የሚያስተካክልበት ሰንጠረዥ አለው፤ ነገር ግን የተሠራው ለእነሱ ሜዳዎች ነው። ከፍተኛ ከሚባሉት ከተሞቻቸው አንዷ ፍላግስታፍ እንኳ 2,100 ሜትር ገደማ ናት፤ ከእኛ ጋር ስትነጻጸር ቆላ ማለት ነው። የትምህርት ቤታችን ሜዳ ዙሪያውም 400 ሜትር አይሞላም። ስለዚህ የማደርገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሜዳውን በሜትር ለክቼ ከመነሻ እስከ መድረሻ ሳይቋረጥ በስልክ እቀርጻለሁ፤ ሰዓቱና ሯጩ በአንድ ምስል ውስጥ መታየት አለባቸው። ሁለተኛ፣ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ቢሆን ልጁ በኤሌክትሮኒክ ሰዓት የሚያዝ ውድድር ላይ እንዲሮጥ እጥራለሁ። አዲስ አበባ ላይ የተሮጠና በፌዴሬሽን ውጤት ላይ የሰፈረ አንድ ሰዓት ደባርቅ ላይ ከተያዘ ሃያ ሰዓት ይበልጣል። ለአሠልጣኙ ስጽፍለት ደግሞ አልኩራራም። ሰዓቱን፣ ሜዳውን፣ ከፍታውንና የክፍል ውጤቱን በአራት መስመር አስቀምጬ ዝም እላለሁ።

አሁን ወደ ደብተሩ እንምጣ፤ ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነውና። አንደኛው ምድብ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል 16 ዋና ዋና የትምህርት ኮርሶችን ይጠይቃል፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስና ኅብረተሰብ ሳይንስ ናቸው ዋናዎቹ። አማካይ ውጤቱ ከ4 ነጥብ ቢያንስ 2.3 መሆን አለበት፤ ለሁለተኛው ምድብ 2.2። የእኔ ትምህርት፣ የሰውነት ማጎልመሻ፣ አይቆጠርም። በሩጫው የሚፈለግ ልጅ በስፖርት 98 ቢያመጣ ዋጋ የለውም፤ ለሒሳብ መምህራችን ይህን ስነግራቸው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ቀድሞ ኤስኤቲ የሚባለው ፈተናም ግዴታ ነበር፤ ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 አንስቶታል። ኮሌጁ በራሱ ሊጠይቅ ስለሚችል ግን የየኮሌጁን መመሪያ ማየት ያስፈልጋል። የእንግሊዝኛ ፈተና በአብዛኛው አይቀርም። በቤት ሆኖ በኢንተርኔት የሚወሰድ አለ፤ የእኛ ክልል ኢንተርኔት ግን እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ለወራት ተዘግቶ ስለነበር «በቤት ሆኖ» የሚለው ቃል እዚህ ትርጉሙ ሌላ ነው።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም አለ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ያለፉት 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆነው ልጅ ፈተናውን ሳያልፍ ይመለሳል ማለት ነው። ፈተናውን ያላለፈ ሁሉ የውጭው በር ይዘጋበታል አልልም፤ ኮሌጆቹ የየራሳቸው መመዘኛ አላቸው። ግን በእኛ አካባቢ ያሉ ልጆች ምን አልፈው ለፈተና እንደሚቀመጡ መታወቅ አለበት። በ2013 መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ሲደርስ የዛሬዋ ባለጉዳይ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበረች። ከ2015 ሐምሌ ወዲህ ባለው ግጭትም ትምህርት በየጊዜው ተቋርጧል። የአሜሪካው ማኅበር ደግሞ ልጁ 9ኛ ክፍል ከጀመረበት ቀን አንስቶ በአራት ዓመት ውስጥ እንዲጨርስ ይጠብቃል። ስለዚህ ትምህርት ቤት የተዘጋበትን ጊዜ ከርእሰ መምህሩ ማኅተም ጋር በደብዳቤ አስጽፌ በየልጁ ፋይል ውስጥ አስቀምጣለሁ። ማመልከቻ ሲገባ «ለምን ዘገየ?» የሚል ጥያቄ ቢመጣ በእጃችን የሚኖረው ማስረጃ ያ ደብዳቤ ነው።

ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳኝ የዕድሜ ጉዳይ ነው። በአገራችን የልደት ምዝገባ በሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። የዛሬዎቹ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከዚያ በፊት የተወለዱ ስለሆኑ ቀናቸው በእናት ትዝታ የተያዘ ነው፤ «የሚካኤል ለት፣ ገብሱ ሲወቃ» ይባላል። ይህም ባልከፋ። ችግሩ አንዱ መዝገብ አንድ፣ ሌላው ሌላ ሲል ነው። አንዳንዱ ልጅ ለታዳጊ ውድድር ሲል ሁለት ዓመት ይቀንሳል፤ በኋላ ግን ትራንስክሪፕቱ ያጋልጠዋል። አንዳንዱ ደግሞ ምንም ሳያጠፋ በዘመን አቆጣጠር ይቀጣል። በታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 2007 ማለት ናት። ጸሐፊው ሳይቀይር 2000 ብሎ በእንግሊዝኛ ፎርም ላይ ከሞላው የ18 ዓመቷ ልጅ በአንድ እስክሪብቶ 25 ዓመት ሞላት! እንዲህ ያለ ፎርም በእጄ ይዤ አውቃለሁ። ስምም እንደዚያው ነው፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ ሁለት ስም፣ ፓስፖርቱ ላይ ሦስት፣ የአንዱ ስም በፈረንጅ ፊደል ሲጻፍ በሦስት መሥሪያ ቤት ሦስት ዓይነት ይሆናል። ስለዚህ ከፓስፖርቱ በፊት የቀበሌው፣ የትምህርት ቤቱና የፌዴሬሽኑ ወረቀት አንድ ቀንና አንድ አጻጻፍ መያዝ አለበት።

የክለቡ ደመወዝ ከዚህ ጋር የሚጋጨው እንዴት ነው? እዚህ ላይ የርእሴ ሁለት ሰዓቶች ይመጣሉ። የሯጭ ሰዓት በሴኮንድ ይቆጠራል፤ ቢዘገይ በሚቀጥለው ዓመት ሊሻሻል ይችላል። የተማሪው ሰዓት ግን 12ኛ ክፍል በጨረሰበት ቀን መቁጠር ይጀምራል፤ ወደ ኋላም አይመለስም። ማኅበሩ ለረጅም ዓመታት በሠራበት ሕግ መሠረት ሯጭ ከ12ኛ በኋላ የአንድ ዓመት እፎይታ አለው። ከዚያ በኋላ ኮሌጅ ሳይገባ በተደራጀ ውድድር ላይ በሮጠበት በእያንዳንዱ ዓመት ከአራቱ የውድድር ዓመታት አንዱ ይቀነስበታል። ይህንንም ዕድሜን ብቻ በሚቆጥር ሌላ ሥርዓት ስለመተካት ሲመከር ቆይቷል፤ ያ ሲሆን ደግሞ ቅድም ያነሳሁት የልደት ቀን ይበልጥ ይከብዳል። ገንዘብም አለ። ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት ልጁ ከውድድር የሚወስደው ሽልማት ለዚያ ውድድር ካወጣው ወጪ እንዳይበልጥ ነው የቆየው ደንብ። ወርኃዊ ደመወዝና ከማናጀር ጋር የተፈረመ ውል ደግሞ ባለሙያ አትሌት ሊያሰኘው ይችላል። በቅርብ ዓመታት በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች በተነሡ ክርክሮች ሕጎቹ እየላሉ መጥተዋል። ያም ሆኖ «ላልቷል ሲባል ሰምቻለሁ» ብሎ የሚፈርም ልጅ በኋላ ማን ያስተካክልለታል? ማኅበሩ የብቁነት ማረጋገጫ ማዕከል አለው፤ ከፊርማ በፊት ለእሱ መጻፍና መልሱን በወረቀት መያዝ ነው።

ይህን የምጽፈው ከሌላ ሰው ሰምቼ አይደለም። ከዓመታት በፊት አንድ ልጅ ነበረኝ፤ ከሊማሊሞ አፋፍ በላይ ካለ ቀበሌ በየቀኑ እየሮጠ ትምህርት ቤት የሚመጣ። 12ኛን በጥሩ ውጤት ሲጨርስ ክለብ ጠራው። «ሂድ» አልኩት። እናቱ ብቻዋን ነበረች፤ ደመወዙ ያስፈልጋት ነበር፤ እኔም ሕጉን አላውቅም ነበር። በሦስተኛው ዓመት አዲስ አበባ ላይ ጥሩ ሰዓት ሮጠና ከአንድ አነስተኛ ኮሌጅ አሠልጣኝ ደብዳቤ መጣ። በደስታ ሰክረን ፎርሙን መሙላት ስንጀምር «12ኛን የጨረስክበት ቀን»፣ «ከዚያ ወዲህ የተወዳደርክባቸው ውድድሮች»፣ «የተከፈለህ ገንዘብ» እያለ ይጠይቃል። ሁሉንም በእውነት ሞላን። አሠልጣኙ በትሕትና አመስግኖ ጻፈልን፤ ከዚያ በኋላ አልጻፈም። ልጁ ጉልበቱን ታሞ ከክለቡ ወጣ። ዛሬ ደባርቅ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ባገኘኝ ቁጥር አቁሞ ይጭነኛል፣ ሒሳብም አይቀበለኝም። ቢቀበለኝ ይቀለኝ ነበር።

ወጪውን በተመለከተ ባጭሩ። «ስኮላርሺፕ አገኘ» ሲባል ሁሉም ሙሉ ነው ማለት አይደለም። ኮሌጁ በዓመት 40,000 ዶላር ቢያስከፍልና 30,000ውን ቢሸፍን፣ ቀሪውን 10,000 የሚከፍል ሰው መኖሩን በባንክ ወረቀት ካላሳዩ ለቪዛ የሚያስፈልገው ቅጽ አይላክም። ገብስ ሸጦ ለሚያድር የወገራ ገበሬ ሦስት አራተኛ ስኮላርሺፕ ማለት ምንም ማለት ነው። ስለዚህ አሠልጣኙ «እንፈልግሃለን» ሲል የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ያህሉን ትሸፍናላችሁ?» መሆን አለበት፤ ይሉኝታ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 በጸደቀ የፍርድ ቤት ስምምነት በአንደኛው ምድብ የስኮላርሺፕ ቁጥር ገደብ ተነሥቶ የቡድን አባላት ቁጥር ተገድቧል፤ በአገር አቋራጭ 17፣ በትራክ 45። ስምምነቱን የተቀበለ ሀብታም ኮሌጅ ከፈለገ ለሁሉም መክፈል ይችላል፤ «ለማንኛውም ትምጣ» ተብሎ የሚያዝ ትርፍ ቦታ ግን ቀንሷል። ከዚያ በተጨማሪ የማረጋገጫ ማዕከሉ ክፍያ ከ150 ዶላር በላይ ነው፤ የተማሪ መመዝገቢያው 350፣ የቪዛ ማመልከቻው 185 ዶላር። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ ሲመነዘር ይህ ምን እንደሚያህል አንባቢ ያስላው። ቪዛውም ላይሰጥ ይችላል።

ደላላም አለ። «ልጅህን አሜሪካ አስገባለሁ፣ ከስኮላርሺፑ ይህን ያህል ታካፍለኛለህ» የሚል ሰው ከመጣ በሩን ያሳዩት። ስኮላርሺፕ በማስገኘት ልክ የሚከፈል ድለላ በማኅበሩ ደንብ የተከለከለ ነው፤ የሚጎዳውም ልጁን ነው። እኔም ለዚህ ሥራ አላስከፍልም። አንዳንድ ሰው እንቁላል ያመጣል፤ እሱን እቀበላለሁ።

ለአባትየው ይህን ሁሉ ስነግራቸው ፀሐይ አዘቀዘቀች። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «እና ክለቡን እምቢ በል ነው የምትለኝ?» አሉ።

አልወሰንኩላቸውም። ክለብ መጥፎ ነገር አይደለም፤ ስንት ቤተሰብ አቁሟል። ከመቶ ልጅ አሜሪካ የሚደርሰው ስንት ነው ቢሉኝ አንድ እንኳ ብዬ አልምልም። ያልኳቸው ይህን ብቻ ነው፤ «12ኛን ትጨርስ። እስከዚያ አይፈርሙላት። ስትጨርስ አንድ ዓመት አላት፤ በዚያ ዓመት ከኮሌጅ ካልተጻፈላት ክለቡ ያኔም ይወስዳታል። አሁን ከፈረመች ግን የሚቀራት ክለቡ ብቻ ነው።»

«የአንድ ዓመት ከመንፈቁን ደመወዝስ ማን ይተካልኛል?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

ልጅቱ እስከዚያ ድረስ አንድም ቃል አልተናገረችም ነበር። ከነጠላዋ ሥር የታጠፈ የውጤት ካርድ አውጥታ ዘረጋችልኝ።

«ጋሼ፣ ኬሚስትሪ 61 ነው ያመጣሁት። ይበቃል?»

ካርዱን አየሁት። ሒሳብ 74፣ እንግሊዝኛ 70። የልደት ቀኗ በእንግሊዝኛ አርእስት ሥር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፏል። «ኬሚስትሪውን ትጨምሪበታለሽ፤ ይህን ቀን ግን ሰኞ ዕለት ትምህርት ቤትሽ ሄደን እናስተካክላለን» አልኳት። አባትየው ካርዱን ተቀብለው ገለባብጠው አዩትና በጋቢያቸው ጫፍ ጠቅልለው ያዙት። የመጨረሻው ሚኒባስ ሳይሄድባቸው ተነሡ። ለክለቡ ሰው ምን እንደሚሉት አልነገሩኝም፤ ሰኞ ግን ልጅቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቀድማኝ ቆማ አገኘኋት።